ንቦቻችን ክረምቱን እንዲሻገሩ

ክረምት የሚለው ስያሜ በየሀገሩ አንድ ዓይነት ትርጉም የለውም። በአውሮፓ ክረምት ማለት በረዶና ውርጭ ነው። እዚያ በየአትክልቱ ቦታ የምትኖር፣ ጃርትን የምትመስል አንዲት ትንሽ ባለ እሾህ እንስሳ በመጸው ወራት በልታ ከወፈረች በኋላ በረገፈ ቅጠል ክምር ውስጥ ገብታ ብርዱ እስኪያልፍ ድረስ ለወራት ትተኛለች። የሀገሩ ሰዎችም የግቢያቸውን ቅጠል ጠርገው ከማቃጠል ይልቅ በአንድ ጥግ ከምረው በመተው ይረዷታል። በሀገራችን ግን ክረምት የዝናብ ወራት ስም ነው። በአዲስ አበባ በየግቢው፣ በየጣሪያው ሥርና በየዛፉ ሽንቁር ከሰው ጋር ተጎራብተው ከሚኖሩት እንስሳት መካከል በዚህ ወራት እጅግ ከሚቸገሩት አንዷ ንብ ናት።

ንብ ደግሞ እንደዚያች እንስሳ ተኝታ ክረምቱን አታሳልፍም። በጎጆዋ ውስጥ ተሰብስባ፣ ያከማቸችውን ማር በየቀኑ እየበላች፣ አውራ ተብላ የምትጠራውን እናት ንብ እየመገበችና እጩን እያሞቀች ነቅታ ትከርማለች። ስለዚህ ሰው ለንብ ሊያደርግላት የሚችለው እርዳታ መኝታ ማዘጋጀት ሳይሆን ጎተራዋ ባዶ እንዳይሆን መጠበቅ ነው። በዚህ ጽሑፍ በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ ማለትም በቦሌ፣ በየካና በለሚ ኩራ ክፍለ ከተማዎች ንብ የሚያረቡ ሰዎች፣ እንዲሁም ንብ ሳያረቡ በጣሪያቸው ሥር ንብ የሰፈረባቸው ነዋሪዎች ከግንቦት እስከ መስከረም ድረስ ሊሠሩት የሚገባውን እንገልጻለን።

ብርድ ነው ወይስ ረኃብ?

ብዙ ንብ አርቢዎች ክረምቱ ሲወጣ ቀፏቸውን ከፍተው ባዶ ሲያገኙት ንቦቹን ብርድ እንደፈጃቸው ይናገራሉ። አባባሉ ሙሉ በሙሉ ስሕተት ባይሆንም ዋናውን ምክንያት ይሸፍናል። በአዲስ አበባ የዓመቱ ቀዝቃዛ ሌሊቶች የሚገኙት በሐምሌና በነሐሴ ሳይሆን ሰማዩ ጥርት በሚልባቸው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። በእነዚያ ሌሊቶች በደንብ የተያዘ ኅብረ ንብ ምንም አይሆንም፤ ምክንያቱም በዚያን ጊዜ ቀፎው በማር የተሞላ ነው።

ንብ ሙቀት የምታገኘው ማር በልታ በደረቷ ውስጥ ያሉትን የክንፍ ጡንቻዎች በማንቀጥቀጥ ነው። እጭ ያለበት የእንጀራው ክፍል ዘወትር ከ34 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት እንዲኖረው ያስፈልጋል። የውጪው አየር 10 ዲግሪ ቢሆን የቀረውን 25 ዲግሪ ያህል የሚያመነጩት ንቦቹ ራሳቸው ናቸው ማለት ነው። ስለዚህ ማር ለንብ እህሏ ብቻ ሳይሆን ማገዶዋም ነው። ማገዶ ያላት ብርዱን ትቋቋማለች፤ የሌላት ግን በመጠነኛ ቅዝቃዜም ታልቃለች። እርጥበት ሲጨመርበት ጉዳቱ ይከፋል፤ የረጠበ ቀፎ ለማሞቅ ብዙ ማር ይፈጃልና።

ረኃቡ የሚመጣው ከዝናቡ ነው። የቦሌ አካባቢ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ሲሆን፣ በዓመት ከሚያገኘው ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ ባለው ጊዜ ነው። በሐምሌና በነሐሴ በእያንዳንዱ ወር በአማካይ ከ200 ሚሊ ሜትር የበለጠ ዝናብ ይዘንባል፤ ፀሐይ የምትታይባቸውም ሰዓቶች በበጋ ከሚታዩት ከግማሽ ያነሱ ናቸው። ንብ በዝናብ አትወጣም። ዝናቡ አባርቶ ብትወጣ እንኳ በአበባው ውስጥ የነበረው ቀሰም ታጥቦ ወይም ቀጥኖ ታገኘዋለች። ሜዳው ሁሉ ለምልሞ ሳለ ንብ የምትራበው በዚህ ምክንያት ነው። ሣር መለምለሙና አበባ ማበቡ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከተማ ውስጥ ያደገ ሰው ብዙ ጊዜ ልብ አይለውም።

በቤተ ክርስቲያን አቈጣጠር ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ ዘመነ ጽጌ ደግሞ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ነው። የንብ አርቢው ዘመንም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የመጀመሪያው ክፍል 95 ቀን ያህል ሲሆን ንቦቹ የሚኖሩት በአመዛኙ ካከማቹት ነው፤ በሁለተኛው ክፍል አደይ አበባና መች ሜዳውን ሲያለብሱት የዓመቱ ትልቅ የማር ወቅት ይጀምራል። እንግዲህ ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ኅብረ ንቡ ከ95ቱ ቀን በኋላ ለአደይ አበባ የሚደርሰው በሕይወት ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነው።

በዚህ ላይ የሀገራችን ንብ ጠባይ ይጨመርበታል። በ2004 እ.ኤ.አ. አምሳሉ በዛብህና የሥራ ባልደረቦቹ ያወጡት ጥናት የኢትዮጵያን ንቦች በ5 ዝርያ ሲከፍል የመካከለኛውን ደጋ ንብ ባንዳሲ ብሎ ሰይሟል፤ በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የሀገሪቱን ንቦች ሲሜንሲስ በተባለ አንድ ዝርያ ማጠቃለል እንደሚሻል አመልክቷል። ክርክሩ ለሊቃውንቱ ይቆይ። ንብ አርቢው ማወቅ ያለበት ይህች ንብ ስትራብ እንደ አውሮፓዋ ንብ እቀፎዋ ውስጥ እስክታልቅ እንደማትጠብቅ ነው። የቀረውን ማር ጠጥታ፣ አውራዋን ይዛ፣ እንጀራውን እንዳለ ጥላ ትኮበልላለች። በነሐሴ ዝናብ የኮበለለ መንጋ ደግሞ የሚያርፍበት አበባ አያገኝም። ስለዚህ በመስከረም ባዶ ቀፎ ያገኘ ሰው በቀፎው ወለል ላይ የሞተ ንብ ባያይ ንቦቹ በሰላም ሌላ ቦታ እንደገቡ አድርጎ ራሱን ማጽናናት የለበትም።

በምሥራቅ አዲስ አበባ ያለው ልዩ ችግር

ቦሌ ቡልቡላ፣ ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ፣ ሰሚትና አያት ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በፊት አብዛኛው መሬታቸው የጤፍ፣ የስንዴና የባቄላ ማሳ፣ የቀረውም የግጦሽ ሜዳ ነበር። የማሳው ዳርና የሜዳው ሣር በመስከረም በአደይ፣ በመችና በማገጥ ይሸፈን ነበር። ዛሬ በዚያ ቦታ የጋራ መኖሪያ ቤቶች፣ መንገዶችና ፋብሪካዎች ቆመዋል። የቀረው የንብ መሰማሪያ የየካ ተራራ ባሕር ዛፍ፣ የወንዞች ዳርቻ፣ የየአብያተ ክርስቲያናቱ ቅጥርና የመኖሪያ ግቢዎች ናቸው። ጥድ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ለዓይን ቢያምርም ቀሰም የለውም። በየመንገዱ ዳር ለጌጥ ከሚተከሉት አበቦችም መካከል ቅጠላቸው የተደራረበው ለንብ እምብዛም አይጠቅሙም፤ መሐላቸው ስለሚደፈን ምላሷን አያስገቡላትም።

በዚህ አካባቢ በክረምት የሚገኘው ጥቂት ምግብ ከጓሮ በቆሎ፣ ከዱባ አበባ፣ በአጥር ጥግ ከበቀለ ጎመንና ነሐሴ መጨረሻ ላይ ማበብ ከሚጀምር ባቄላ የሚገኘው ነው። በቆሎ የአበባ ዱቄት እንጂ ቀሰም አይሰጥም። ስለዚህ በገርጂ ወይም በሲኤምሲ አንድ ግቢ ውስጥ ያሉ ሁለት ቀፎዎች ከሐምሌ መጀመሪያ ጀምሮ ከውጭ ብዙ ተስፋ የላቸውም ብሎ መነሣት ይሻላል።

የሰኔው ማር

በእኛ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጠው እርዳታ በክረምት የሚደረግ ሳይሆን ክረምቱ ሳይገባ የሚደረግ ነው። ከበልጉ ዝናብ በኋላ በሚያዝያና በግንቦት ብሳና፣ ባሕር ዛፍና አንዳንድ ቍጥቋጦዎች ያብባሉ። ንቦቹ ከዚህ የሚሰበስቡት ማር ከኅዳሩ ያነሰ ቢሆንም በግንቦት መጨረሻ እንጀራው ነጥቶ ይታያል። ያን ጊዜ ነው ብዙ ሰው ቢላዋና ማጨሻ ይዞ የሚነሣው።

ሁለት ወይም ሦስት ቀፎ ላላት የቤት እመቤት ወይም በጡረታ ለሚተዳደር አባወራ ያ ማር ቀላል ገንዘብ አይደለም። ለልጅ ደብተርና ለዘመን መለወጫ በዓል ይሆናል። ስለዚህ አትቍረጡ ብሎ መጻፍ ቀላል፣ መታዘዙ ግን ከባድ እንደሆነ እንረዳለን። ሆኖም ሂሳቡን አብረን እንይ። ሁለቱም ፊቱ በሰም የታሸገ አንድ ትልቅ ፍሬም ከ2 ኪሎ ግራም በላይ ማር ይይዛል። ለክረምቱ ቢያንስ 4 እንደዚህ ያሉ ፍሬሞች፣ ማለትም 8 ኪሎ ያህል ማር ለንቦቹ እንዲተው እንመክራለን። ይህ የተተወ 8 ኪሎ ኅብረ ንቡን ለመስከረም ካደረሰው በጥሩ ዓመት በኅዳር ከአንድ ዘመናዊ ቀፎ 15 ኪሎና ከዚያም በላይ ሊቈረጥ ይችላል። ንቡ ከጠፋ ግን የኅዳሩ ማር ይቀራል፤ አዲስ ኅብረ ንብ በገንዘብ መግዛት ያስፈልጋል፤ ብል ያልበላው አሮጌ እንጀራ ካልተገኘም አዲሱ ኅብረ ንብ እንጀራ ለመሥራት ጊዜና ማር ያጠፋል። ንቦች 1 ኪሎ ሰም ለማውጣት ከ6 እስከ 8 ኪሎ የሚደርስ ማር እንደሚበሉ ይታወቃል።

በባህላዊ ቀፎ ለሚያረቡ ፍሬም መቍጠር አይቻልም። በዚህ ዓይነት ቀፎ እጩ የሚገኘው በመግቢያው በኩል፣ ማሩ ደግሞ በስተኋላ ነው። በግንቦት የግድ መቍረጥ ካስፈለገ ከኋላ ያሉትን ጥቂት እንጀራዎች ብቻ ወስዶ ከእጩ ቀጥሎ ያሉትን 3 ወይም 4 እንጀራዎች አለመንካት ይገባል። እጭና ማር አደባልቆ ጠራርጎ የሚያወጣ ሰው ግን የሚቀጥለውን ዓመት ማር አብሮ በልቶታል። ከሰኔ 1 ቀን በኋላ በየትኛውም ዓይነት ቀፎ ማር ባይቈረጥ መልካም ነው።

ቀፎውን ለዝናብ ማዘጋጀት

በግንቦት ወር ፀሐያማ ቀን ተመርጦ ቀፎዎቹ ሁሉ አንድ ጊዜ በጥንቃቄ ይታያሉ። አውራዋ እንቍላል ትጥላለችን? ማር አለን? ንቦቹ ስንት እንጀራ ይሸፍናሉ? ሁለት ወይም ሦስት እንጀራ ብቻ የሚሸፍን ደካማ ኅብረ ንብ ክረምቱን ብቻውን መሻገሩ ያጠራጥራል። እንዲህ ያለውን ከሌላ ጋር ማዋሐድ ሁለት ደካሞችን ለየብቻ ከማጣት ይሻላል። በዘመናዊ ቀፎ የሚሠራበት ቀላል ዘዴ የጋዜጣ ዘዴ ነው። ከሁለቱ አውራዎች ደካማዋ ትወገዳለች፤ ወደ ማታ የአንደኛው ቀፎ ክዳን ተነሥቶ አንድ ገጽ ጋዜጣ ይነጠፍበታል፤ ጋዜጣው በመርፌ ጥቂት ቦታ ይበሳና ሁለተኛው ሣጥን በላዩ ይቀመጣል። ንቦቹ ወረቀቱን ቀስ በቀስ ቀድደው እስኪገናኙ ድረስ ሽታቸው ስለሚለማመድ አይፋጁም።

ቀፎው ከመሬት ከግማሽ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ከፍ ባለ መደብ ላይ ተቀምጦ፣ የገባ ውኃ እንዲፈስ ወደ መግቢያው በኩል ጥቂት ማዘንበል አለበት። ፊቱ ወደ ጠዋት ፀሐይ ቢዞር ንቦቹ ዝናብ ያባራበትን ማለዳ ይጠቀሙበታል፤ በአዲስ አበባ ክረምት ብዙውን ጊዜ ዝናቡ የሚበረታው ከቀትር በኋላ ነውና። በላዩ ከቀፎው አልፎ የሚወጣ የቆርቆሮ ወይም የሣር ጥላ ይደረግለታል። በየግቢው እንደምናየው ቀፎን በላስቲክ ጠቅልሎ ማሰር ግን ጥሩ ልማድ አይደለም። ንቦች ሲተነፍሱና ማር ሲያመሹ የሚወጣው እርጥበት መውጫ ካጣ በላስቲኩ ሥር ተመልሶ ይንጠባጠብና ዝናቡ ሊያደርስ የነበረውን ጉዳት ከውስጥ ያደርሰዋል። ላስቲክ ካለ ከጥላው በላይ ይዘርጋ እንጂ ቀፎውን አይንካ። ባህላዊ ቀፎ በግንቦት እንደገና በእበትና በጭቃ ተመርጎ በፀሐይ ቢደርቅ ከየትኛውም ላስቲክ ይበልጣል።

መግቢያው ሁለት ወይም ሦስት ንብ ጎን ለጎን እስኪያሳልፍ ድረስ ይጠበባል። ጠባብ በር ለመጠበቅ ይመቻል፤ ብርድም አያስገባም።

ጉንዳን የክረምት ጠላት ነው። ጎርፉ ከጉድጓዱ ሲያስወጣው በሌሊት ተሰልፎ አንድ ሙሉ ቀፎ ሊጨርስ ይችላል። የመደቡን እግሮች የተቃጠለ የሞተር ዘይት ባለባቸው ጣሳዎች ውስጥ ማቆምና በዙሪያው አመድ መነስነስ ይረዳል። ይሁን እንጂ ጣሳው ዝናብ ገብቶበት ሲሞላ ዘይቱ ተንሳፍፎ ይፈሳል፤ ስለዚህ ከየከባዱ ዝናብ በኋላ መታየት አለበት። አንድ የሣር ሰበዝ ቀፎውን ነክቶ ከቆመ ለጉንዳን ድልድይ ስለሚሆን፣ ዘይትም ሆነ አመድ ቢኖር ከቀፎው ሥር ሣሩን አለማጨድ ሥራውን ከንቱ ያደርገዋል።

ሳይከፍቱ ማወቅ

ከሰኔ አጋማሽ በኋላ ቀፎን መክፈት ሙቀቱን ማባከን ነው። ማሩ ምን ያህል እንደቀረ ለማወቅ ቀፎውን ከኋላ በኩል በአንድ እጅ ጥቂት ከፍ አድርጎ ክብደቱን መገመት ይቻላል። በየሳምንቱ በዚህ ዓይነት የሚመዝን ሰው እጁ ይለምድና ሲቀልል ወዲያው ያውቃል። ንቦቹ ነጫጭ እጭ እየጎተቱ ወደ ውጭ መጣል ከጀመሩ የአበባ ዱቄትና ማር አልቆባቸዋል ማለት ነው። ባዶ በሆነ እንጀራ ጭንቅላታቸውን ወደ ቀዳዳዎቹ ቀብረው የሞቱ ንቦች ከተገኙ ደግሞ በረኃብ መሞታቸው ምንም አያጠራጥርም፤ ለዚያ ቀፎ ጊዜው አልፏል፤ ለጎረቤቱ ግን በዚያው ማታ መድረስ ያስፈልጋል።

መመገብ

ማር የጎደለበት ቀፎ ስኳር በጥብጦ በመስጠት ይረዳል። በሐምሌ፣ ለመኖር ያህል ሲሰጥ፣ ለ2 ኪሎ ስኳር 1 ሊትር የፈላ ውኃ ይደረጋል። ውኃው ከእሳት ከወረደ በኋላ ስኳሩ ይጨመርና እስኪሟሟ ይማሰላል፤ ስኳሩን በእሳት ላይ አድርጎ ማሳረር ንቦቹን ይጎዳል። ሞላሰስና ጥቍር ስኳር ተቅማጥ ስለሚያመጣባቸው አይሰጥም። ከገበያ የተገዛ ማርም ቢሆን ከየት እንደመጣ ስለማይታወቅ የንብ በሽታ ሊያስገባ ይችላል።

ብጥብጡ ሲቀዘቅዝ ግማሽ ሊትር ያህል በሳሕን ተደርጎ ንቦቹ እንዳይሰጥሙ የተቈራረጠ ጭድ ወይም ስንጥር ይንሳፈፍበትና በቀፎው ውስጥ ይቀመጣል። በየሁለትና በየሦስት ቀኑ ሳሕኑ ታጥቦ ይደገማል። ምንጊዜም ሲመሽ፣ ንቦቹ ሁሉ ሲገቡ ነው የሚሰጠው። በቀን ሰጥቶ ወይም ደጅ ላይ አፍስሶ የሄደ ሰው የጎረቤት ንቦችን ጠርቶ ዘረፋ ያስነሣል፤ በዘረፋ ደግሞ መጀመሪያ የሚያልቀው ሊረዳው የፈለገው ደካማው ቀፎ ነው።

ስኳር ሆድ ይሞላል እንጂ እጭ አያሳድግም። እጭን የሚያሳድገው የአበባ ዱቄት ነው፤ እሱ ሲጠፋ ሰው ሊተካው የሚችለው በበሶ ወይም በሽሮ ነው። የተቈላ ገብስ ወይም አተር በደንብ ተፈጭቶ፣ በወንፊት ተነፍቶ፣ በብጥብጡ ተለውሶ እንደ ቂጣ ጠፍጠፍ ተደርጎ ከፍሬሞቹ በላይ ይቀመጣል። ፀሐይ በወጣ ቀን ደረቁን ዱቄት ዝናብ በማያገኘው ቦታ በሰፌድ ቢያስቀምጡት ንቦቹ በእግራቸው እየጠቀለሉ ሲወስዱት ይታያል። ለዚህ የሚሆነው ግን ጨው፣ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ያልገባበት ሽሮ ነው። ለወጥ የተዘጋጀውን ሽሮ ለንብ የሚሰጡ ሰዎች አልጠፉም፤ ንቦቹም ከነሳሕኑ ትተውት ይሄዳሉ።

የፍልሰታ ሂሳብ

በዚህ ሁሉ ውስጥ ብዙ ንብ አርቢ የሚስተው ጊዜውን ነው። አደይ አበባ ሲያብብ አይቶ ያን ጊዜ መመገብ የሚጀምር ዘግይቷል። የሠራተኛ ንብ እንቍላል ከተጣለ በኋላ ክንፍ አውጥታ እስክትወጣ 21 ቀን ይወስዳል። ከወጣች በኋላም ወዲያው ለቀሰም አትሠማራም፤ ሦስት ሳምንት ያህል ቀፎ በማጽዳት፣ እጭ በመመገብ፣ እንጀራ በመሥራትና በር በመጠበቅ ትቆያለች። ሁለቱ ሲደመሩ 42 ቀን ይሆናል። ከመስከረም 15 ቀን ጀምሮ ጳጕሜን ጨምረን 42 ቀን ወደ ኋላ ብንቈጥር የምናገኘው ነሐሴ 8 ቀን ነው። መስከረም 15 በሜዳው ላይ የምትሠማራ ንብ እንቍላሏ በፍልሰታ ጾም መካከል የተጣለ መሆን አለበት ማለት ነው።

አውራዋ በብዛት እንቍላል የምትጥለው ምግብ ሲገባ ነው። ስለዚህ ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ፣ ሰው ሲጾም ማለት ነው፣ የንቦቹ ምግብ ይለወጣል። ብጥብጡ 1 ኪሎ ስኳር በ1 ሊትር ውኃ እንዲቀጥን ተደርጎ በጥቂት በጥቂቱ ግን ሳይቋረጥ ይሰጣል፤ በሶውም በሳምንት አንድ ጊዜ ይታደሳል። ቀጭኑ ብጥብጥ ከአበባ የመጣ ቀሰም ስለሚመስላቸው አውራዋ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ይህ ሲደረግ ማሩ በቂ የሆነ ቀፎም ቢሆን ይጠቀማል። በሐምሌ ግን ሠራዊቱን ማብዛት አያስፈልግም፤ የሚበላው ሳይኖር የሚበዛ አፍ ጎተራውን ይጨርሰዋልና።

ንብ ለማያረቡ ጎረቤቶች

በቦሌ አሮጌ ቪላዎች ኮርኒስ ውስጥ፣ በየካና በኮተቤ ዛፎች ሽንቁርና በጋራ መኖሪያ ቤቶች የቱቦ ቀዳዳ የሚኖሩ ባለቤት የሌላቸው ንቦች አሉ። ሰዎች ሲፈሯቸው ነጭ ጋዝ ያፈሱባቸዋል ወይም በጭስና በተባይ ማጥፊያ ይፈጇቸዋል። ንቦቹ ከሰው መተላለፊያ ርቀው ከተቀመጡና ካልነኳቸው በክረምት እጅግ ጭምቶች ናቸው፤ ብዙውን ቀን አይወጡም። መነሣት ካለባቸው ልምድ ያለው ንብ አርቢ ወይም የወረዳው የከተማ ግብርና ባለሙያ ተጠርቶ አበባ በሚኖርበት በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት ቢያዛውራቸው ይተርፋሉ። በሐምሌ ከነእንጀራቸው ተፈልቅቀው የወጡ ንቦች እንደገና ቤት መሥሪያ አያገኙም። ሕፃናት በሚጫወቱበት ቦታ ከሆነ ግን መጠበቅ አያስፈልግም፤ ቦታው ታጥሮ በዚያው ሰሞን ወደ ማታ ይነሡ።

አንድ ሰው በንብ ሲነደፍ እሾሁን ቶሎ በጥፍር ፍቆ ማውጣት ይገባል። መተንፈስ ካቃተው፣ ከንፈሩና ጉሮሮው ካበጠ ወይም ራሱን ከሳተ ግን ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ያስፈልጋል። ለእንዲህ ያለው ሰው አንድ ንድፊያም ሊገድለው ይችላል።

በከተማው ዳርቻ ገና የሚያርሱ ገበሬዎች በነሐሴ ቱ-ፎር-ዲ የተባለውን ፀረ አረም በስንዴና በጤፍ ላይ ሲረጩ በማሳው ዳር ያለውን መች ባይነኩት ለንቦቹ ትልቅ ውለታ ነው። መች በማሳው ውስጥ አረም ነው፤ በዳሩ ላይ ግን የማር ምንጭ ነው። ግቢ ውስጥ በአትክልት ላይ ተባይ ማጥፊያ የሚረጭ ሰውም ካበበ ተክል ይራቅ፤ የግድ ከሆነም ንብ ከገባች በኋላ ሲመሽ ይርጭ።

ክረምት የመትከያም ወራት ነው። ራይንሃርድ ፊችትልና አድማሱ አዲ በ1994 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የኢትዮጵያ የንብ ዕፅዋት መጽሐፍ ለዚህ ሥራ የሚሆኑትን በብዛት ይዘረዝራል። ለጠባብ ግቢ የሚሆኑት ግን በየጓሮው የታወቁት ናቸው። የጥብስ ቅጠል፣ በሶብላና ዳማ ከሴ ቦታ አይፈጁም፤ ንቦችም አብዝተው ይወዷቸዋል። ግራዋ በቍራጭ ተተክሎ አጥር ይሆናል፤ በበጋም ነጫጭ አበባውን ያወጣል። ሰፊ ቦታ ላላቸው ብሳናን እንመክራለን፤ በቶሎ ያድጋል፣ የሚያብበውም ክረምቱ ሊገባ ሲል በመሆኑ ለንቦቹ የክረምት ስንቅ ይሆናል።

አደይ ሲፈነዳ

ጳጕሜ ውስጥ በየሜዳው ዳር አደይ አበባ መፍካት ይጀምራል። ንቦቹ በእግራቸው ቢጫ የአበባ ዱቄት ይዘው ሲገቡ ከታዩ የበሶው ቂጣ ይነሣል። ብጥብጡ ሳምንት ያህል ሊቀጥል ይችላል፤ ዝናቡ ገና አልጨረሰምና። ከመስከረም 10 ቀን በኋላ ግን ፈጽሞ መቆም አለበት። ከዚያ ቀን ወዲያ የተሰጠ ስኳር ንቦቹ ከሚያከማቹት ማር ጋር ይቀላቀልና በኅዳር ሲቈረጥ ገዥው ስኳር የገባበት ማር ይሰጠዋል። ሳሕኖቹ ይወጣሉ፤ ጠብቦ የነበረው በር ቀስ በቀስ ይሰፋል፤ ሳሩ ይታጨዳል፤ በሳሕን የቀረ ብጥብጥ ካለም ከቀፎዎቹ ርቆ በጉድጓድ ተደፍቶ አፈር ይመለስበታል።